ለዓሣ ገንዳ፦ ከወንፊቱ ይልቅ እርሾው

ውሃው እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ገንዳው ወለል ላይ የወደቀች አንዲት ቅጠል ጠርዟ ሳይቀር ይታያል። ከላይ ግን ከሁለት መቶ የሚበልጡ የቆሮሶ ጫጩቶች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈዋል። ይህ የሆነው ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው መንገድ፣ በአጎቴ ግቢ ውስጥ ነው። አጎቴ ውሃው ተመርዟል ብለው ጠረጠሩ። ጎረቤት የፀረ ተባይ መርጫውን ከምንጩ በላይ አጥቦ ይሆናል በሚል ሁለት ቀን ሙሉ ፊታቸውን አጠቆሩበት። ጎረቤቱ ግን ንጹሕ ነበር። ከአምስት ቀን በፊት፣ ገንዳውን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ሲጠራረግ፣ የማጣሪያውን ጠጠር በሙሉ አውጥቼ በበረኪና አሽቼ፣ ደጋግሜ አለቅልቄ የመለስኩት እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ማጣሪያ ማለት ቆሻሻ የሚይዝ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። የያዘውን ቆሻሻ አጥቤ ስመልሰው የተሻለ የሚያጣራ መሰለኝ። በጠጠሩ ላይ ያለው ያ የሚያዳልጥ ቡናማ ልባስ የማጣሪያው ሞተር እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የዘርፉን ባለሙያዎች ስጠይቅ፣ መጻሕፍት ሳገላብጥ፣ ገንዳ ያላቸውን ሰዎች ሥራ ስመለከት ቆይቻለሁ። በሰሜን ሸዋ ዓሣ በገንዳ ለማርባት የሚያስቡ አርሶ አደሮችና ዕቅዱን የሚያወጡ የወረዳ ባለሙያዎች ያንኑ ስሕተት እንዳይደግሙት ያገኘሁትን እነሆ።

አካባቢያችን ስሙ የሚነሣው በገብሱ፣ በባቄላውና በመንዝ በጉ ነው። ሆኖም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ዓሣም በየወረዳው ዕቅድ ውስጥ እየገባ መጥቷል። ዕቅዱ ላይ ብዙ ጊዜ «ኩሬ» እና «ገንዳ» እንደ አንድ ነገር ይጻፋሉ። አንድ አይደሉም። በአፈር ኩሬ ውስጥ ጭቃው፣ አልጌው፣ ዳር ዳሩን የሚበቅለው ቄጤማ ሁሉ የዓሣውን ጽዳጅ እየተቀበለ ይለውጠዋል። ዓሣው ካልበዛበትና መኖው ልክ ካላጣ ኩሬ ራሱን ያጠራል። በሲሚንቶ የተሠራ፣ ጂኦሜምብሬን የተነጠፈበት ወይም የመስታወት ገንዳ ግን ባዶ ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው ዓሣና ውሃ ብቻ ነውና የጎደለውን ሥራ የሚሠራለት ማጣሪያ ያስፈልገዋል።

ወንፊትና እርሾ

የዓሣ ገንዳ ማጣሪያ ሁለት ሥራ አለው። የመጀመሪያው የወንፊት ሥራ ነው፤ ዐይነ ምድሩን፣ የተረፈ መኖውን፣ ደለሉን መያዝ። ይህን ማንም ያየዋል፤ ጠላ ያጠለለ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው የእርሾ ሥራ ነው። ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ፈጭቶ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያወጣዋል። አሞኒያ በውሃ ውስጥ የሟሟ ስለሆነ የቱም ወንፊት አይዘውም፤ ዐይንም አያየውም። ውሃው ጠርቶ ዓሣው የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

አሞኒያን የሚያስወግዱት ጠጠርና ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም የዓሣውን ደም ቡናማ አድርጎ ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ ነው። ሌላኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬት ለዓሣ ብዙም የማይጎዳ፣ ለተክል ግን ምግብ ነው። ማሳ ላይ የተበተነ ዩሪያ ለሰብሉ የሚሆነው በነዚሁ ዓይነት ባክቴሪያዎች አማካይነት ነው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ለይቶ ያሳደጋቸው ከአፈር ወስዶ ነበር። አርሶ አደሩ እነሱን ሳያውቅ ዘመኑን ሁሉ አብሯቸው ሲሠራ ኖሯል።

የአሞኒያው አደጋ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ውሃው በ25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሆኖ ፒኤቹ 7 ከሆነ፣ ከአሞኒያው ውስጥ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን ከመቶ 5 ይደርሳል፤ 9 ሲሆን ደግሞ ከሢሶ በላይ ይሆናል። አዲስ የተለሰነ የሲሚንቶ ገንዳ ኖራውን እየለቀቀ ፒኤቹን ከ9 በላይ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ገንዳውን ሞልቶ ማቆየት፣ መድፋት፣ እንደገና መሙላት፣ ይህንንም ለጥቂት ሳምንታት መደጋገም ያስፈልጋል። በግንባታው የጊዜ ሰሌዳ ላይ ይህ ጊዜ ተጽፎ አይቼ አላውቅም።

ልኩ በሊትር አይደለም

ማጣሪያ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ገንዳው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን በቀን ስንት ኪሎ መኖ እንደሚሰጥ ነበር። አሥር ሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ አሥር ዓሣ ያለውና አምስት መቶ ዓሣ ያለው እኩል ማጣሪያ አይፈልጉም።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው አንድ ኪሎ መኖ ሲበላ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ ውሃው ውስጥ ይገባል። ባክቴሪያዎቹ ይህን ለመለወጥ ወደ 140 ግራም የሚጠጋ ኦክስጅን ይፈጃሉ፤ ይህም ዓሣው ራሱ ከሚተነፍሰው ሌላ ነው። የጠጠሩ መጠን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ውሃው ሞቅ ያለ ከሆነ፣ አንድ ሜትር ኩብ ጠጠር በቀን ለአንድ ኪሎ መኖ ይበቃል ብሎ መነሣት ከጥንቃቄ ጋር የተያዘ ስሌት ነው። እንግዲህ አሥር ሜትር ኩብ በሚይዝ ገንዳ 100 ኪሎ ዓሣ ቢኖርና በቀን አንድ ኪሎ ተኩል መኖ ቢሰጥ፣ አንድ ሜትር ኩብ ተኩል ጠጠር ያስፈልጋል ማለት ነው። በ200 ሊትር በርሜል ቢለካ ስምንት በርሜል ይሆናል። አጎቴ አንድ በርሜል ነበር ያቆሙት። ገና ጫጩቶች ስለነበሩ እንጂ እኔ በበረኪና ባላጥበውም እንኳ ሲያድጉ መውደቁ አይቀርም ነበር።

ለጠጠሩ ከሁሉ የሚመረጠው ስኮሪያ፣ በተለምዶ ቀይ አሽ የሚባለው ነው። ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ለባክቴሪያው ብዙ መኖሪያ ይሰጣል፤ ከተራ ድንጋይ ይቀላል፤ ለመንገድና ለግንባታ ስለሚውልም አይጠፋም። ዱቄቱ እስኪወጣ በውሃ ብቻ መታጠብ አለበት። አሸዋ አይመከርም፤ ቶሎ ይደፈናል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳንም በብዛት ከተሰበሰበ ያገለግላል፤ ብዙ ቢመስልም ገጹ ትንሽ ነውና መጠኑን መጨመር ያስፈልጋል። በርሜል ሲመረጥ ቀድሞ ምን እንደነበረበት መጠየቅ ግድ ነው። ፀረ ተባይ ወይም ዘይት የያዘ በርሜል የቱንም ያህል ቢታጠብ ለዓሣ አይሆንም። የመዳብ ቧንቧና በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮም ዓሣን ስለሚመርዙ ከውሃው መንገድ ይወገዱ።

ደጋውና ቆላው

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ አየሩ በሰዓት ውስጥ ይለወጣል። ስለዚህ ለሰሜን ሸዋ በሙሉ የሚሆን አንድ ዓይነት ማጣሪያ የለም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሰባት አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በ15 ዲግሪ ያለ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከ7 ብዙም አያልፍም። ከውጭ የመጣ የማጣሪያ መመሪያ ሲነበብ ይህ መታሰብ አለበት፤ መመሪያውን የጻፈው ሰው ደብረ ብርሃንን አላየም። ከዚህ ጋር ብርዱ አለ። የውሃው ሙቀት በአሥር ዲግሪ ሲወርድ የባክቴሪያዎቹ ፍጥነት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለቆላው የተሰላ ጠጠር በደጋው እጥፍ መሆን አለበት ማለት ነው።

ዓሣውም ቢሆን ይመርጣል። ቆሮሶ ደስ የሚለው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውሃ ነው። ከ16 ዲግሪ በታች መብላቱን ያቆማል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚጥልባት ደብረ ብርሃን ከቤት ውጭ ባለ ገንዳ ቆሮሶ ማርባት የመኖ ብክነት ነው። የትኛውም ማጣሪያ ይህን አያስተካክለውም። ለብርድ የሚስማማው ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ትራውት ነው፤ እሱ ግን ከቆሮሶ የበለጠ ኦክስጅንና የበለጠ ንጹሕ ውሃ ስለሚፈልግ ለጀማሪ አይሆንም። በአንጻሩ ከአንኮበር በታች ባሉ ሞቃት ቀበሌዎች፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላማ ክፍሎች ቆሮሶም አምባዛም ይስማማቸዋል። አምባዛ አየር ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ ስለሚተነፍስ የኦክስጅን እጥረት ቶሎ አይገድለውም፤ አሞኒያው ግን እሱንም ይጎዳዋል።

በቁልቁለቱ አገር ግን ከሁሉ በፊት የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ፤ ዓመቱን ሙሉ የማይነጥፍ ምንጭ አለ ወይ? በሴኮንድ አንድ ሊትር የሚሰጥ ምንጭ በቀን 86 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰጣል። ይህ የአሥር ሜትር ኩብ ገንዳን ውሃ በቀን ከስምንት ጊዜ በላይ ይቀይራል። እንዲህ ያለ ምንጭ ላለው ሰው የባክቴሪያ ማጣሪያ ማቆም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ደለል ማዝቀጫና መውጫው ላይ ወንፊት ይበቃዋል። የምንጩ ልክ የሚለካው ግን በነሐሴ መሆን የለበትም። የክረምቱ ዝናብ ሳይጀምር፣ በግንቦት መጨረሻ፣ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ማየት ነው። ከታች ውሃውን የሚጠብቅ መስኖ ተጠቃሚ ካለም አስቀድሞ መስማማት ከኋላ ጠብ ያድናል።

አቀማመጡ

ምንጭ የሌለው፣ ያንኑ ውሃ እያዞረ የሚጠቀም ሰው የሚከተለው ቅደም ተከተል አይለወጥም። ውሃው ከገንዳው ወለል መሐል በቧንቧ ይወጣል፤ ቆሻሻው የሚሰበሰበው እዚያ ነውና። መጀመሪያ የሚገባው ወደ ማዝቀጫ ነው። ለአሥር ሜትር ኩብ ገንዳ 2000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ይሆናል፤ ውሃው እዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቆይ ከባዱ ቆሻሻ ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥሎ ስፖንጅ ወይም ጥቅጥቅ ያለ መረብ የቀረውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ነው ጠጠሩ። ቆሻሻው ሳይቀድም ጠጠሩ ላይ ከደረሰ ባክቴሪያውን ሸፍኖ ያፍነዋል፤ ወንፊቱ ከእርሾው ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው። በመጨረሻ ውሃው ወደ ገንዳው ሲመለስ ከከፍታ እየተፈነጠቀ ይውደቅ። ሲወድቅ አየር ይይዛል።

በሰዓት አንድ ጊዜ የገንዳው ውሃ በሙሉ በማጣሪያው ማለፍ አለበት። ለአሥር ሜትር ኩብ ገንዳ ይህ በሴኮንድ ሦስት ሊትር የማይሞላ ነው፤ መመለሻው ቧንቧ 20 ሊትር ጀሪካን በሰባት ሴኮንድ ከሞላ ልኩ ደርሷል። ፓምፑ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን አይገባም። ያ ቁጥር ውሃውን ምንም ከፍ ሳያደርግ የሚሰጠው ነው፤ ሁለት ሜትር ሽቅብ ሲገፋ ግማሹ ሊቀር ይችላል። ሲገዙ የሚጠየቀው «በሁለት ሜትር ከፍታ በሰዓት ስንት ሊትር?» ተብሎ ነው። ጀሪካኑና የእጅ ሰዓቱ ደግሞ እውነቱን ይናገራሉ።

መብራት ሲጠፋ

ጠጠሩ በውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ቢቀመጥ ይሻላል ወይስ ውሃው ከላይ እየተንጠባጠበበት አየር ላይ ይቁም? ባለሙያዎች ሁለቱንም ይጠቀማሉ፤ የእኔ ፍርድ ግን መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚንጠባጠበው ይሻላል የሚል ነው። በውሃ የተዘፈቀ ጠጠር ፓምፑ ሲቆም ኦክስጅኑን በጥቂት ሰዓታት ይጨርሳል፤ ባክቴሪያው መሞት ይጀምራል፤ የቀረው ውሃም ይገማል። መብራት ሲመለስ ፓምፑ ያንን የገማ ውሃ ገንዳው ውስጥ ይደፋዋል። ሌሊቱን ያለ ፓምፕ ያሳለፉ ዓሦች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት መብራት ከመጣ በኋላ መሆኑ የሚያስገርመው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ያለው ሰው ከረጅም መቋረጥ በኋላ የበርሜሉን ውሃ ወደ ውጭ ማፍሰስ፣ ከዚያ ፓምፑን ማስነሣት አለበት።

የሚንጠባጠበው ማጣሪያ ግን ከሥሩ በተበሳ በርሜል ውስጥ ያለ እርጥብ ጠጠር ነው። ፓምፑ ቢቆምም ጠጠሩ እርጥበቱን ይዞ አየር ስለሚያገኝ ባክቴሪያው ያድራል። በርሜሎቹ ውሃውን ተካፍለው ጎን ለጎን ይቆማሉ እንጂ አንዱ ለሌላው አያቀብልም። ዕዳም አለበት። ውሃውን ሁለት ሜትር ሽቅብ መግፋት ስላለበት ኤሌክትሪኩ ይጨምራል፤ ሲንጠባጠብም ውሃው ይቀዘቅዛል። በቆላው ይህ ጉዳት የለውም፤ ከፍ ባለው ቦታ ግን በርሜሎቹ በቤት ውስጥ ወይም በላስቲክ መጋረጃ ሥር መሆን አለባቸው። መብራት ጠፍቶ ያደረ ገንዳ ውስጥ ያለውን ዓሣ ጠዋት አለመመገብም ራሱ ሕክምና ነው፤ ያልበላ ዓሣ ብዙ አሞኒያ አያወጣም፤ ኦክስጅንም ይቆጥባል።

እርሾው እስኪደርስ

ሊጥ ተቦክቶ ያንኑ ሰዓት እንደማይጋገር፣ ማጣሪያም በተከለበት ቀን አያጣራም። በሞቃት ውሃ ባክቴሪያው ጠጠሩን እስኪሸፍን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። በእነዚህ ሳምንታት ባክቴሪያው የሚበላው ያስፈልገዋል። ለአርሶ አደር ቤት ቅርብ የሆነው ነገር ዩሪያ ነው። ገንዳው ውስጥ ምንም ዓሣ በሌለበት፣ ለአሥር ሜትር ኩብ ውሃ 43 ግራም ዩሪያ፣ ማለትም ሁለት የእጅ ጭብጥ የማይሞላ፣ አሟሙቶ መጨመር ነው። ይህ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይሰጣል። ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ ዩሪያ መጨመር ግን መግደል ስለሆነ ከረጢቱ ከገንዳው ይራቅ።

መድረሱ የሚታወቀው በቀለም በሚለይ የውሃ መመርመሪያ ነው። መጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል፤ ቀጥሎ እሱ ወርዶ ናይትራይቱ ይወጣል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ወርደው ናይትሬት ይቀራል። ዩሪያ ተጨምሮ በማግስቱ አሞኒያም ናይትራይትም ካልታየ እርሾው ደርሷል። ጥቂት ጫጩት አስገብቶ ቀስ በቀስ መኖ መጨመር የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ናይትራይት ዓሣ ከገባ በኋላ ከታየ መኖ ማቆም፣ ውሃ መቀየር፣ በሜትር ኩብ አንድ ኪሎ ጨው ማሟሟት ይረዳል፤ ጨው ያለበትን ውሃ ግን ወደ ጓሮ አትክልት አይልቀቁ።

ጊዜውን የሚያሳጥረው ዋናው ዘዴ ያው የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ ከደረሰው ላይ እርሾ መውሰድ። በደንብ ከሚሠራ፣ ዓሣው ከማይታመምበት ማጣሪያ አንድ ጆንያ እርጥብ ጠጠር አምጥቶ ከአዲሱ ጋር መቀላቀል ሳምንታትን ያተርፋል። ሰበታም ሆነ ባሕር ዳር ካሉት የዓሣ ምርምር ማዕከላት ጫጩት ሊያመጣ የሚሄድ የወረዳ ባለሙያ ይህንንም አብሮ ቢጠይቅ መልካም ነው።

እጥበቱን በተመለከተ የእኔ ታሪክ ይበቃል። ስፖንጁና መረቡ በየቀኑም ሊታጠቡ ይችላሉ፤ ማዝቀጫውም በየቀኑ ከሥሩ ይፍሰስ። ጠጠሩ ግን የሚነካው ውሃ ማሳለፍ ሲያቅተው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም አንዱ በርሜል ብቻ፣ ከዚያው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ለቅለቅ ተደርጎ ይመለሳል። ሌላው በርሜል ወር ይቆይ። በረኪና፣ ሳሙና፣ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ አይነኩትም።

ባክቴሪያው ሥራውን ሲሠራ ውሃውን ቀስ በቀስ አሲዳማ ያደርገዋል። ከጣሪያ በተሰበሰበ የዝናብ ውሃ የሚሠራ ሰው ይህን ቶሎ ያየዋል፤ የዝናብ ውሃ አሲዱን የሚያበርድ ማዕድን የለውምና። ፒኤቹ ከ7 በታች ሲወርድ ለአንድ ኪሎ መኖ ሩብ ኪሎ ያህል ቤኪንግ ሶዳ ማሟሟት የተለመደ ነው።

ከማዝቀጫው የሚወጣው ዝቃጭ ለኮምፖስት፣ በየቀኑ የሚቀየረው አንድ አሥረኛ ውሃ ደግሞ ለጎመንና ለሰላጣ ነው። በቀን አንድ ኪሎ ተኩል መኖ የሚበላ ገንዳ፣ የሚባክነውን ሳንቀንስ፣ በዓመት ከ35 ኪሎ ዩሪያ ጋር የሚስተካከል ናይትሮጅን ይሰጣል። መውጫው ላይ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ይኑር። ከደብረ ብርሃን በኩል የሚወጣ ውሃ በበሬሳ አድርጎ ወደ ጀማና ወደ ዓባይ፣ ከአንኮበር ቁልቁል የሚወጣው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳልና ያመለጠ ዓሣ የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

ስለ መስታወት ገንዳ

በሆቴል አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በግብርና ኤግዚቢሽን ትልቅ የመስታወት ገንዳ ማቆም የሚፈልጉም አሉ። ሕጉ ያው ነው፤ ልዩነቱ መጠኑና መልኩ ላይ ነው። ሁለት ሜትር ርዝመት፣ 70 ሴንቲ ሜትር ወርድና ቁመት ያለው ገንዳ አንድ ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ውሃው ብቻውን አንድ ቶን ስለሚመዝን መጀመሪያ የሚታየው ወለሉ ነው። እዚህ ውሃው በሰዓት ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ እንዲዞር ይደረጋል። አንድ ትልቅ ማጣሪያ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ መግዛት ይሻላል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እርሾውን ይዞ ይቆያል፤ አንዱ ቢበላሽም ዓሣው አያልቅም። ከገንዳው ሥር በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ ጠጠርና ስፖንጅ አድርጎ መሥራት ከሁሉ ይረክሳል። መብራት ሲጠፋ ግን ውሃው በመመለሻው ቧንቧ ወደ ኋላ ተስቦ ሣጥኑን ሞልቶ አዳራሹን እንዳያጥለቀልቅ፣ ቧንቧው ላይ ከውሃው ገጽ ዝቅ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ መብሳትና ሣጥኑን ሳይሞሉ መተው ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ ፓምፑን ሆን ብሎ አጥፍቶ ማየት ነው፤ ሠራተኛው ገና ሳይሄድ።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የምለው በአንድ ነገር ላይ ነው። ገንዳ ሲገነባ ጫጩቱ የሚመጣበት ቀን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በምረቃው ቀን ነው። ጨረታው ላይ «ማጣሪያ፣ ብዛት 1» ተብሎ ይጻፋል፤ የሚያስተናግደው መኖ ልክ አይጻፍም፤ መጠባበቂያ ፓምፕና የውሃ መመርመሪያ አይካተትም። ማጣሪያው ከተተከለበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ ስድስት ሳምንት በቆላው፣ በደጋው ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ በዕቅዱ ላይ ቢጨመር አንዳች ወጪ የለውም። ባዶ ገንዳ ማስመረቅ ያሳፍራል የሚል ካለ፣ የሞተ ዓሣ ከማስመረቅ ይሻላል።

አጎቴ ተስፋ አልቆረጡም። የቀረውን ጠጠር አስጥተው ጣሉትና በአንድ በርሜል ፈንታ ስድስት አቆሙ፤ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ዓሣው ሲያድግ እጨምራለሁ ብለዋል። ዩሪያውን በወርቅ ሚዛን እንደሚለካ ሰው እየመዘኑ አርባ ሦስት ቀን ጠበቁ። መመርመሪያው ላይ ያለውን ቀለም በየማለዳው የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፤ እኔን ከማጣሪያው አጠገብ አያስደርሱኝም። ባለፈው ጥቅምት ከታችኛው ቀበሌ አንድ ጎረቤት አዲስ ገንዳ ሲጀምር እርሾ ለመነን። ግማሽ ጆንያ ጠጠር ከገንዳው ውሃ ጋር አርጥበን፣ በእርጥብ ኬሻ ጠቅልለን በበቅሎ ጫንን። መርጫውን በምንጩ ላይ አጥቧል ተብሎ የተጠረጠረው ያ ጎረቤት ነው፤ ፀሐይ ሳይበረታ ለመድረስ ቁልቁለቱን በጥድፊያ ወረድነው።